የኋላው ክፍል ሠላሳ ቀናት

ቂመኛ ነሽ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። በዩኒቨርሲቲው የሕንፃ ምርምር ክፍል ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፍልቻለሁ። ማን ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚወድ ብቻ ሳይሆን ማን ማንን እንደበደለም በቃሌ አውቃለሁ። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ወንድሜ ሚስት ነው። እሷ ቂም አታውቅም ነበር። ስትይዝ ግን፣ እንደ ሥራዋ ሁሉ፣ በልክና በሰዓቱ ያዘችው።

እትዬ ነው የምላት። ወንድሜ ሲያገባት እኔ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝም፣ እዚህ ሥራ ያስገባችኝም እሷ ናት። በምርምር ክፍሉ ቴክኒሻን ነበረች። ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ጣጣ ነው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ "ሐኪም ናት፤ ግን የምትመረምረው ሰው ሳይሆን ቤት ነው" እላለሁ። ክፍል ውስጥ ትገባለች፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የአየሩን ንጽሕና ትለካለች፣ ያ ክፍል ለሚኖርበት ሰው ጤና ይስማማ እንደሆነ ትመዘግባለች። ከግቢው በስተጀርባ ለሙከራ የተሠሩ ስድስት ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ የብሎኬት፣ አንዱ የጭቃ ጡብ፣ አንዱ የእንጨት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሰው አይኖርባቸውም። እሷ ግን ጠዋት፣ ቀትር ላይና ከሥራ መውጫ በፊት ስድስቱንም ትዞራለች። በሠርጓ ማግስት እንኳ ዞራለች። ወንድሜ "ያገባሁት ሴት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቴርሞሜትር ነው" እያለ ይቀልድባት ነበር።

ዋናው መሣሪያዋ ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ቴርሞሜትሮች ናቸው። የአንዱ ጫፍ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ውሃ ይነካል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ውሃው ይተንና ያኛው ቀዝቅዞ ዝቅ ይላል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ይቀራረባሉ። በመካከላቸው ካለው ልዩነት ተነስታ እርጥበቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ ታወጣለች። በኋላ ሴንሰር የሚሏቸው ትንንሽ ሳጥኖች መጡ። እትዬ ትጠቀምባቸዋለች እንጂ አታምናቸውም።

ቂም የያዘችበት ዶክተር መጀመሪያ ሲመጣ ዶክተር አልነበረም። ጃኬቱ የሰፋው ቀጭን ረዳት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ጨርቁን ማርጠብ ረስቶ ስድስቱም ክፍሎች ውሃ ውስጥ የሰጠሙ የሚያስመስል ቁጥር ጽፎ መጣ። ሰው ሁሉ ሲስቅበት እትዬ ብቻ ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችለትና አብራው ዞራ እንደገና አስለካችው። ሁለት ዓመት ሙሉ "እትዬ፣ እትዬ" እያለ ከኋላዋ ተከተለ። ምሳውን ከእሷ ሳህን በልቷል፤ የዚህን ሥራ ሀ ሁ የቆጠረው ከእሷ ነው። ይህን የማነሳው ውለታ ልቆጥርበት ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልቆጥርበት ብዬ ነው።

ከዚያ ውጭ አገር ሄደ፤ ተምሮ፣ ወፍሮ፣ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። "እትዬ" ማለቱ ቀረ፤ "አንቺ" እያለ ያዛት ጀመር። እኔ ደግሞ "እሳቸው" እንድለው ተነግሮኛል። በፊቱ እላለሁ።

ይዞት የመጣው ሐሳብ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መጥፎ አልነበረም። መስኮት ሳይከፈት የሚተነፍስ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ድርብ፣ ሙቀት የማያባክን፣ ንጹሕ አየር በቱቦ እያንዳንዱ ክፍል ድረስ የሚገባበት። ዩኒቨርሲቲው ፈቀደለትና በግቢው ጥግ አሥራ ሁለት ቤቶች ያሉት ሕንፃ ተሠራ። ለሠራተኞች በዕጣ ሲከፋፈል ለወንድሜና ለእትዬ ግራውንዱ ላይ ደረሳቸው። መጋረጃውን ሰፍቼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ጡረታ የወጣ የዩኒቨርሲቲው ሾፌር ነበር፤ የአርባ ዓመት የመንገድ አቧራ የዋጠ ሳንባ ነው ያለው። ሳሎኑን ሲያይ፣ ብርሃኑን፣ ሙቀቱን፣ "አሁን ገና ሰው ሆንኩ" አለ።

ሕንፃው በጀርባው ጉብታ ተጠግቷል። የግራውንዶቹ የኋላ ክፍል ግድግዳ ግማሹ አፈር ይነካል። እነ ወንድሜ የሚተኙትም እዚያው የኋላው ክፍል ነው። በመጀመሪያው ክረምት ግድግዳው ያልበው ጀመር። በሁለተኛው ክረምት ከራስጌያቸው በላይ ጥቁር ሻጋታ ወጣ፤ ወንድሜም ያስል ጀመር። እትዬ መሣሪያዋን ሰቀለች። ጠዋት ሰማንያ ስምንት፣ ቀትር ላይ ሰማንያ አራት፣ ማታ ዘጠና። ሰው የሚተኛበት ክፍል ስልሳ ካለፈ መጠንቀቅ ነው፤ ሰማንያ ካለፈ ከሰው ይልቅ ለሻጋታ ይመቻል። ምክንያቱንም ራሷ ፈልጋ አገኘችው። በንድፉ ላይ የአየር ቱቦው የኋላው ክፍል ይደርሳል፤ በግንባታው ግን ሳሎኑ ላይ ቆሟል። ግድግዳው ውሃ እንዳይመጥ ከሥሩ የሚነጠፈውም ፕላስቲክ አልተነጠፈም።

ደብተሯን ይዛ ዶክተሩ ጋ ስትገባ እኔ ሻይ እየቀዳሁለት ነበር።

"ዶክተር፣ የኋላው ክፍል አይተነፍስም" አለችው።

ደብተሩን አገላበጠ። በዚያው ሰሞን ሕንፃውን ለሽልማት ሊያቀርብ ጽሑፍ እያዘጋጀ ነበር።

"ሴንሰሩን ወደ ሳሎን አውጪው" አላት።

"ሰው የሚተኛው እኮ መኝታ ቤት ነው።"

"ሳሎኑ ቤቱን ይወክላል። ደግሞ እናንተ ልብስ ቤት ውስጥ ታሰጣላችሁ፣ በር ዘግታችሁ ውሃ ታፈላላችሁ። ችግሩ ያለው ከሕንፃው ሳይሆን ከአኗኗራችሁ ነው።"

"አላወጣውም" አለች።

አላወጣችውም። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሳት። እኔ ነኝ መነጽሯ ጠፍቶባት ያነበብኩላት፤ ዛሬም ቃል በቃል እወጣዋለሁ። "በምትኖርበት ቤት ላይ የግል ጥቅም ያላት በመሆኑ የተዛባ ንባብ መዝግባ ስለተገኘች" ይላል። ንባብ የሚሉት ከመሣሪያው ላይ የሚነበበውን ቁጥር ነው። ከእንግዲህ በአንድ ቤት የሚኖር ሰው የዚያን ቤት ንባብ መውሰድ እንደማይችል ደንብ ወጣ፤ ዶክተሩ በፊርማው መመሪያው ውስጥ አስገባው። እሷም ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረች፤ የቤት ቁልፍ እያስፈረሙ ማስረከብ። ሴንሰሩ ሳሎን ገባ። ቁጥሩ አማረ። ሕንፃው ተሸለመ፤ መግቢያው ላይ "ጤናማና ምቹ" የሚል የነሐስ ሰሌዳ ተለጠፈ። የላቦራቶሪው ልጆች ደግሞ እትዬን "ወይዘሮ እርጥበት" ብለው ስም አወጡላት።

ወንድሜ በሦስተኛው ክረምት ሞተ።

ሳንባው ድሮም ደካማ ነበር እያሉ የሚከራከሩኝ አሉ። ነበር። ታዲያ ደረቅ ክፍል የሚያስፈልገው ደካማ ሳንባ ላለው ሰው አይደለም እንዴ? ጠንካራውማ የትም ይተኛል። ዶክተሩ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሳሎን ተቀመጠ፣ ግራ ቀኙን አየና አጠገቡ ላለው ሰው "ቤቱ እንዴት እንደሚሞቅ አየህ?" አለው። እጄ ላይ የፈላ ሻይ ነበር። እንዴት እንዳልደፋሁበት እስካሁን ይገርመኛል። ወደ ጓዳ ገባሁ። እትዬ እዚያ ቆማለች፤ እሷም ሰምታዋለች። አላለቀሰችም።

አርባው ሳይወጣ ቤቱን ለቃ እኔ ጋ ገባች። አንድ ማለዳ ፊቷን ታጥባ ስትወጣ፣ ሌሊቱን ስታስብበት እንዳደረች በሚያስታውቅ ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦ "ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ገደማ ነው የቀረኝ። ስወጣ ፋይሌ ይታሸጋል፤ ዘላለም 'የተዛባ ንባብ' እንደተባልኩ መዝገብ ቤት እቀመጣለሁ። ከዚያ በፊት ያ ሰው 'ክፍሉ እርጥብ ነው፤ የእሷ ንባብ ልክ ነበር' ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል። በቀረኝ ዕድሜ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።"

"መርዝ ልጨምርበት?" አልኳት። ሻዩ በእጄ ነው እኮ።

"ስኳሩን ብቻ ቀንሺበት" አለችኝ።

ቀነስኩበት። ሦስት ማንኪያ የሚወድ ሰው አንድ ተኩል እየጠጣ ከረመ፤ አንድ ቀን "ስኳሩ ጥራቱ ቀንሷል" ብሎ ለግዥ ክፍል ደብዳቤ ጻፈ።

አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ። ከዚያ እንግዶች መጡ፤ ሕንፃውን አይተው በአገራቸው ሊሠሩት የሚያስቡ ምሁራን ናቸው። ዶክተሩ ሰሌዳውን አሳየ፣ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ቱቦውን አብራራ። አንዷ ሴትዮ ታዲያ እንደ ዋዛ "እርስዎ የትኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት?" ብላ ጠየቀችው። እሱ የሚኖረው ከከተማው ማዶ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ የሚከፈት የኪራይ ቪላ ውስጥ ነው። ጆሮው ቀላ። በሳምንቱ ንብረት ክፍል መጣ፤ እትዬን ቤት ስጪኝ አላት። ባዶ የነበሩት ሁለት ነበሩ፤ ሦስተኛ ፎቅ የፊት ለፊቱና የእነ ወንድሜ።

"የትኛው ይሻላል?" አላት።

"በሪፖርትዎ መሠረት አሥራ ሁለቱም አንድ ናቸው" አለችው።

ትንሽ አሰበ። በግቢው ያለውን ሐሜት ያውቀዋል፤ ሾፌሩን የገደለው ቤቱ ነው እንደሚባል ያውቃል። ኩራትም አለበት። "የግራውንዱን ስጪኝ፤ ወሬኛ ሁሉ አፉን ይዝጋ" አለና ፈርሞ ቁልፉን ወሰደ። ንብረት ክፍል ግድግዳውን ቀለም ቀብቶለት ነበር። ሰው የራሱን ውሸት ደጋግሞ ሲጽፈው ያምነዋል መሰለኝ።

ስትነግረኝ እልል ማለት ነው የቀረኝ። አይ፣ አሁን ይተኛበታ፣ አሁን ይሳል፣ አሁን ደረቱ ይዘጋ፣ የእጁን ያግኝ አልኩ። እሷም አልከለከለችኝም። ግን የፊቱን ትንሽ ክፍል መኝታ ቤት አደረገውና የኋላውን ባዶውን ተወው። ሁለት ወር ምንም አልሆነም። እንዲያውም አማረበት፤ ደሜ ፈላ።

ክረምቱ ሲገባ እናቱን አመጣ። የኋላው ክፍል ጸጥ ይላል ብሎ እዚያ አስተኛቸው። በዩኒቨርሲቲው ጋዜጣም ላይ እናቱን አቅፎ ሰሌዳው ሥር የተነሳው ፎቶ ወጣ።

እማማን ያገኘኋቸው ዝናቡ ባባራበት አንድ ቀን፣ ደጅ አግዳሚ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ሻይ ወስጄላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያንን ሳል ሰማሁት። ከሥር ነው የሚመጣው፤ ሲያበቃ ሰውየውን እንደታጠበ ልብስ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። የወንድሜ ሳል ነው።

"ልጄ ልብስ ቤት ውስጥ እያሰጣሽ ነው ይለኛል" አሉኝ። "እኔ ልብስ ካጠብኩ ስንት ዘመኔ። በር ዘግተሽ ውሃ ታፈያለሽም ይለኛል። የኔ ልጅ፣ ያ ክፍል ያስፈራኛል። አንሶላው ራሱ ሌሊት ይረጥባል።"

ቤት ገብቼ ለእትዬ ነገርኳት፤ ደስ ይላታል ብዬ። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇ ቆመ።

"እሳቸው ምን አጠፉ?" አለችኝ።

"ወንድሜስ ምን አጥፍቶ ነበር? ይበለው" አልኳት።

"እኔ ቁልፉን ስሰጥ ብቻውን ነበር። ለእሱ ነው የሰጠሁት።"

ተኮራረፍን። በማግስቱ ጠዋት ከንብረት ክፍል ተነስታ ቀጥ ብላ ቢሮው ገባች፤ እኔም ትሪዬን ይዤ ተከተልኩ። አላንኳኳችም። "እናትህን ከዚያ ክፍል አውጣ" አለችው። ዶክተር ከሆነ ወዲህ "አንተ" ስትለው የመጀመሪያዋ ነው።

ቀና ብሎ አያትና ሳቅ አለ። "አሁንም ያንን ተረት አልተውሽውም? እናቴ ብርድ ነው ያማት። ይልቅ የቁልፍ መዝገብሽን አስተካክዪ።"

ወጣች። በኮሪደሩ ላይ "ነግሬዋለሁ፤ ምስክር ነሽ" አለችኝ። "ካሁን በኋላ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።"

አሥር ቀን አልሞላም እማማ ክሊኒክ ገቡ። ያያቸው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው "የሚተኙበት ክፍል እርጥበት አለው?" ብሎ ነው አሉ። ዶክተሩ ቤቱ ተመልሶ ከላቦራቶሪው አንድ ሴንሰር ወሰደና የኋላው ክፍል ውስጥ አስቀመጠ። ሰማንያ ሰባት። ሳጥኑ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ አመጣ። ሰማንያ ዘጠኝ። ሦስተኛም አምጥቷል፤ ጽዳቷ ናት የነገረችኝ፣ ሦስት ሳጥን ደርድሮ አልጋ ላይ ተቀምጦ አየሁት ብላ።

ቱቦው ይቀጠልልኝ፣ ግድግዳው ከኋላ ተቆፍሮ ውሃ መከላከያ ይግባለት ብሎ ለሕንፃ ኮሚቴው አመለከተ። ስብሰባው ላይ ሻይ የማቀርበው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አንድ ስኒ ለማንሳት አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን አየና "ዶክተር፣ ይህን ያነበበው ማን ነው?" አለ።

"እኔ ራሴ ነኛ።"

"የሚኖሩትስ?"

"እዚያው ነው።"

"መመሪያው በቤቱ የሚኖር ሰው ንባብ ተቀባይነት የለውም ይላል። ፊርማውም የእርስዎ ነው" አለና መመሪያውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገለት። "ሪፖርትዎ ደግሞ ሕንፃው ጤናማ ነው ይላል። እኔ ጤናማ ግድግዳ በምን ሕግ ላፍርስ?"

"እሺ ሌላ ሰው ይላክ።"

"መመሪያው የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ቴክኒሻን ሠላሳ ተከታታይ ቀን ያንብበው ነው የሚለው። ላቦራቶሪዎ ያሉት ልጆች አንዱ ሦስት ዓመት፣ አንዷ ሁለት። እንዲህ ያለ ሰው ንብረት ክፍል አለች፤ ቤቱን ለቃለች፣ ስለዚህ አትከለከልም። ሌላ የለንም።"

እኔ ለዶክተሩ ሦስት ማንኪያ ሙሉ ስኳር ጨምሬ ሰጠሁት፤ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ።

እማማ ከክሊኒክ ወጥተው፣ ሳሎን ቢተኙ የመንገዱ ጫጫታ አላስተኛ ብሏቸው ወደዚያው ክፍል ተመልሰው ነበር። ዶክተሩ ሁለት ቀን አንገራገረ። በሦስተኛው ንብረት ክፍል መጣ። እኔም ማንም ያላዘዘውን ሻይ ይዤ ደረስኩ።

"እትዬ" አለ። "አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።"

"ቁልፍ ጠፋብህ?"

"አይደለም። የኋላውን ክፍል እንዲያነቡልኝ ነው። ሠላሳ ቀን።"

"የእኔ ንባብ የተዛባ ነው። ደብዳቤ አለኝ፤ ላሳይህ?"

መሳቢያዋን ስባ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ይሻርልኝ" አለች። "ባንተ ፊርማ። በዚያ ክረምት የመዘገብኩት ሁሉ ልክ እንደነበረ፣ ሴንሰሩን ወደ ሳሎን ያስወጣኸው አንተ እንደሆንክ፣ ግልባጩ ለኮሚቴው፣ ለመዝገብ ቤትና ሽልማቱን ለሰጡህ ሰዎች።"

"እትዬ፣ ሽልማቱ ይወሰድብኛል። የሠራሁት ሁሉ ገደል ይገባል።"

"እኔ ሁለት ወር ነው የቀረኝ" አለችው። "ያንተ እናት ስንት እንደቀራቸው ሐኪማቸውን ጠይቅ።"

ክፉ አነጋገር ነው፤ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ወጥቶ ሄደ። በማግስቱ ደብዳቤውን ተይቦ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ አመጣ። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አንድ ቃል አስተካክል ብላ መለሰችው፤ "ሳይሆን አይቀርም" የሚል አስገብቶ ነበር። አውጥቶት መጣ።

ያንኑ ቀን መሣሪያዋን ይዛ ገባች። መጀመሪያ ያደረገችው እማማን በክንዳቸው ደግፋ ማውጣት ነው። ፍራሻቸውን ራሷ ተሸክማ ወደ ፊቱ ትንሽ ክፍል፣ ወደ ልጃቸው መኝታ ቤት ወሰደች፣ አነጠፈች፣ ትራሱን ፀሐይ ላይ አሰጣች። ዶክተሩ ዓይኑ እንባ ቋጠረ፤ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አለ።

"ቆይ" አለችው። "ባዶ ክፍል አይለካም። መመሪያው ሰው ሊተኛበት ይገባል ይላል።"

"ታዲያ ማን ይተኛበታል?"

"አንተ።"

የሚቀልድ ሰው ፊት ይፈልግ ይመስል መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እኔ ጥርሴን አላሳየሁትም።

"በር ዘግተህ ነው የምትተኛው" አለችው። "ከፍተህ ብታድር ቁጥሩ ይነግረኛል።"

ቁጥሩም ነገራት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መሣሪያው ስልሳ ስምንት ላይ ወርዶ ተገኘ። "ሌሊት በር ከፍተሃል" አለችው። ታፍኜ ነው፣ ጥቂት ብቻ ነው ምናምን አለ። "ሠላሳ ተከታታይ ቀን ነው የሚለው" አለችና የአራቱን ቀን ገጽ በሰያፍ ሰረዘችው። ከአንድ ጀመሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲያይ ያዝን ይሆናል። እኔ በየቀኑ ምክንያት እየፈለግኩ አብሬያት እሄድ ነበር። እማማ ግን የእናት አንጀት ነውና አንድ ቀትር በር ሲከፍቱልን አልቻሉም። "ልጄን ለምን እዚያ አስተኛሽብኝ?" አሏት።

"ባሌ የሞተው እዚያ ክፍል ተኝቶ ነው" አለቻቸው። "ልጅዎ ክፍሉ እንደሚያሳምም ያውቅ ነበር። ነግሬዋለሁ፤ ጽፌም ሰጥቼዋለሁ።"

"እኔን ሲያስተኛኝም ያውቅ ነበር?"

"እርስዎ ከገቡ በኋላም ሄጄ ነግሬዋለሁ። ይቺ ምስክሬ ናት።"

አሮጊቷ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጃቸው አንድም ቀን አልለመኑንም። ማታ ማታ የኋላውን ክፍል በር የሚዘጉትም ራሳቸው ሆኑ።

ሠላሳኛው ቀን ዝናብ ነበር። ዶክተሩ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። አዲሱ ቀለም ተላልጦ ሻጋታው እንደገና ወጥቷል። ፊቱ ገርጥቷል፤ ጃኬቱ እንደ ድሮው ሰፍቶታል። እትዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፣ "ዘጠና" ብላ ጻፈች፣ ደብተሩን አቀበለችው። ሊፈርም ሲል ሳሉ መጣበት። እስኪያበቃለት ጠበቀችው።

"እትዬ" አለ ድምፁ ሲመለስ። "ጋሼንም እንዲህ ነበር የሚያደርጋቸው? ደረታቸው እንዲህ ይዘጋ ነበር?"

"ያንተ ገና ጅምሩ ነው" አለችው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እሱ የለም፤ ቢኖር እሱን ትጠይቀው ነበር። እኔ የመጣሁት ለንባብ ነው። ፈርም።"

ፈረመ። ደብተሩን ተቀበለችው፣ ፊርማው እስኪደርቅ እፍ አለችበት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጃንጥላ ተጋርተን ወደ ቤት ስንሄድ እኔ ልቤ ሙሉ ነበር። የእጁን አገኘ፣ ፋይልሽ ጸዳ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ጡረታሽን እንደ ሰው ትወጫለሽ፣ ምን ቀረሽ እያልኩ እለፈልፋለሁ። እሷ ቦርሳዋን ይዛ ትራመዳለች። አስፋልቱን ተሻግረን በራችን ደጅ ስንደርስ ቆመች።

"መመሪያው ሠላሳ ቀን ማለቱ ነው የቆጨኝ" አለችኝ። "ሦስት ክረምት ቢል ኖሮ ጡረታዬን ለምኜ አስረዝም ነበር።"